የደጃች መብረቅ አሟሟት

ሪሃና አዲሱን መጽሐፍ ከቦርሳዋ አውጥታ የጨርቅ መለኪያው ጠረጴዛ ላይ ስትጥለው እንደ ጡብ ጓ አለ።

«ይኼውላችሁ! አዲሱ እትም። ባልደረባዬ ከስብሰባ ስትመለስ ያመጣችልኝ ነው፤ የቀለሙ ሽታ እንኳ ገና አልለቀቀውም።»

ዝናሽ በረንዳው ላይ ያለችውን የስፌት ማኪናዋን ትታ፣ ከቀሚሷ ላይ ብጣሽ ክር እየለቀመች ገባች። አስማረ፣ ያ በደባርቅ መንገድ ሚኒባስ የሚነዳው የኮሶዬ ሰው፣ ጣቱን በሱሪው ጠርጎ ሽፋኑን ዳሰሰው። ኢምራን ብቻ ከበርጩማው ንቅንቅ አላለም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ጎንደር አራዳ ያለው የኢምራን ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ፣ መዝጊያው እስከ ግማሽ ይወርድና ሌላ ነገር ይሆናል። ጨዋታቸውን «ዋሻ» ይሉታል። ሰሌዳም ጠጠርም የለውም። አጫዋቹ ይተርካል፤ ተጫዋቾቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ፈጥረው በዚያ ሰው አፍ ይናገራሉ፣ በዚያ ሰው እጅ ይዋጋሉ። ነገሩ አጠራጣሪ ሲሆን ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ይወረወራል፤ የወጣው ቁጥር ይፈርዳል። ከሃያ ዓመት በፊት በኢምራን አባት ግቢ ተከራይቶ የነበረ አንድ ፈረንጅ መምህር ነው ያስለመዳቸው። አገሩ ሲገባ መጽሐፉን ለማን ሰጠው? ለተማሩት አይደለም። አባቱ ከስምንተኛ ክፍል አስወጥቶ ሱቅ ላስቀመጠው ለኢምራን ነው የሰጠው። ኢምራን ይህን እንደ ሹመት ይዞት ኖሯል። መጽሐፉ በላስቲክ ተጠቅልሎ ጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ይተኛል፤ ቁልፉ ኢምራን ኪስ ነው፤ ሕግ የሚያነብላቸውም እሱ ብቻ ነው።

«እስቲ ምን ተቀየረ?» አለ አስማረ።

ሪሃና የኢምራን እህት ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። ገጹን እየገለጠች ወደ አማርኛ መለሰችላቸው። «ብዙ ነው። መሞት ከባድ ሆኗል። ለምሳሌ መርዝ… መርዝ የጠጣ ሰው ይደክማል፣ ያጥወለውለዋል፣ ክንዱ ይዝላል። ግን አይሞትም።»

«ይኼማ መርዝ አይደለም፣ የደባርቅ አረቄ ነው!» አለ አስማረ፤ ዝናሽ በሳቅ ፈረሰች።

«የሕፃን ጨዋታ አድርገውታል» አለ ኢምራን። «ሳይሞቱ ጀግንነት! በኛ መጽሐፍ መርዝ አይጠይቅም። ጠጣህ፣ ሞትክ፤ አለቀ።»

«እውነቱን ነው» አለች ዝናሽ። «የኔዋ አዝማሪት በዚህ ሕግ አይደል የሞተችው። ሦስት ቀን እንጀራ አልበላ ብሎኝ፣ ባሌ ማን ሞተብሽ ይለኛል። ምን ልበለው?»

«የኔም ሁለት ሰው ሄዷል» አለ አስማረ። «ግን ሸጋ ነው አያ ኢምራን፤ የኛ ዋሻ ምሕረት የለውም እያልሁ ስንቱን መንገደኛ አስደንቄበታለሁ።»

ኢምራን በሌላ እሑድ ቢሆን ይህን ሲሰማ ደረቱ ይነፋ ነበር። ዛሬ ግን ኪሱ ያለውን ቁልፍ ዳሰሰ። አስማረ የአዲሱን እትም ወሬ ነግሮት፣ ዛሬ ናስር ይመጣል።

ናስር አብሮ አደጉ ነው። አብረው ቁርኣን ተምረዋል፤ እስከ ስምንተኛ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ከዚያ ናስር ቀጠለ፣ ጤና መኮንን ሆነ። በጨዋታው የፈጠረው ሰው ደጃች መብረቅ ይባል ነበር፤ አንድ ዓይናው፣ አፈኛ፣ በቅሎውን ከሚስቱ አብልጦ የሚወድ። አራት ዓመት ተጫውቶታል። ደጃች መብረቅ ሲናገር ሁሉም ሥራውን ትቶ ያዳምጥ ነበር፤ አጫዋቹ ኢምራን እንኳ።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት በአንዱ እሑድ ኢምራን ከመጽሐፉ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ጮክ ብሎ አነበበና አበላሸው። ናስር አረመው። ማረሙስ ባልከፋ። ግን ወደ ሌሎቹ ዞሮ፣ «ተዉት እባካችሁ፣ የስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ነው፤ ከዚህ በላይ ነዳጅ የለውም» አለ። ሳቁ። ኢምራንም አብሮ ሳቀ። የሳቀው ሳቅ እስከ ዛሬ ጉሮሮው ላይ አለ።

በሚቀጥለው እሑድ ደጃች መብረቅ ከአንድ ምንጭ ውኃ ጠጣ።

«ተመርዟል» አለ ኢምራን።

ናስር ዳይሱን አነሣ። «ልወርውር?»

«አይወረወርም። መጽሐፉ መርዝ አይጠይቅም ይላል።»

ናስር መሳቢያውን አየ፣ ኢምራንን አየ፣ ዳይሱን ቀስ አድርጎ መልሶ አስቀመጠው። «መጽሐፉ ካለማ እንግዲህ» አለ። በዚያው ሳምንት መካነ ብርሃን ተመደበና ሄደ። ለዒድ ጎንደር ሲመጣ ለሁሉም ይደውላል፤ በዚህ ሱቅ ደጅ ግን አያልፍም።

ውሸቱ ግን አልሄደም፤ ቀረ። አንዴ ሕግ ነው ተብሏልና ለአስማረም፣ ለዝናሽም ሕግ ሆነ። ኢምራንም ከመደጋገሙ ብዛት ሊያምነው ምንም አልቀረው።

«አጎቴ፣ አሮጌውን አውጣልኝ እስቲ፤ ላስተያይ» አለች ሪሃና።

«ወረቀቱ ተበልቷል፤ ይበጣጠሳል።»

«ግድ የለም፣ ስልኬ ላይ አለ። አውርጄዋለሁ።»

ኢምራን አንገቱን ወደ ስልኩ አሰገገ። ሃያ ዓመት በቁልፍ የያዘው ነገር ልጅቷ ስልክ ውስጥ ተቀምጧል! አውራ ጣቷ ወደ ላይ ወደ ታች ሲሄድ፣ ሲቆም አየ። ቅንድቧ ተሰበሰበ። አንድ ጊዜ አነበበች፤ ደግማ አነበበች። ከዚያ ቀና ብላ አየችው፤ ዓይኗ ወዲያው ሸሸ።

«አገኘሽው?» አለ አስማረ።

«አይ… ፋይሉ ጥሩ አይደለም፤ ፊደሉ ደብዝዟል» አለች ሪሃና ስልኩን ገልብጣ እያስቀመጠች። «ስለ ጋሻ የተጻፈውን ላንብብላችሁ፣ እሱም ተቀይሯል።»

ብታጋልጠው ይሻለው ነበር። ቢጮህባት፣ ቢጣላት፣ አንድ ነገር ይወጣለት ነበር። እሷ ግን ሸፈነችው፤ እርቃኑን የቆመ ሰው በነጠላ እንደሚሸፈን።

የዐስር ሶላት አዛን ሲያስተጋባ «ሰግጄ ልምጣ» ብሎ ተነሣ። በረንዳው ላይ ከጀሪካን ውኃ እያፈሰሰ ውዱእ ሲያደርግ ሪሃና ተከትላው ወጣች።

«አጎቴ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፣ እንዳትቀየም። አሮጌው መጽሐፍ ላይ መርዝ የጠጣ ሰው ይወረውራል ነው የሚለው። ቁጥሩን ካገኘ ይድናል።»

ኢምራን ክንዱን አጠበ፤ ያጠበውን መልሶ አጠበው።

«ዓረፍተ ነገሩ እኮ ከባድ ነው» አለች ቶሎ ብላ። «የድሮ እንግሊዝኛ ነው፤ እኔም ሁለቴ ነው ያነበብኩት። ማንም ሊሳሳት ይችላል። እኔ ልንገራቸው፤ ሳይታወቀው ተሳስቶ ነው እላለሁ። ናስርም ይረዳሃል፣ ምንም አይልም።»

«ምን ብሎ ነው የሚረዳኝ?»

«ማለቴ… ትምህርቱን ያቋረጥከው በአንተ ጥፋት አይደለም።»

ውኃው ከጀሪካኑ ያለ ሥራ ፈሰሰ።

ሰግዶ ሲመለስ መንገዱ ረዘመበት። መውጫው ተዘጋጅቶ ተሰጥቶታል፤ ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። የስምንተኛ ክፍል ሰው አይደል፣ ቢሳሳት ማን ይፈርድበታል? ይቅር ይሉታል፣ ይስቃሉ፣ ያልቃል። ግን ያኔ ናስር ያላት ቃል እውነት ሆና ትቀራለች፤ እሱ ራሱ ያጸደቃት እውነት። ዘጠኝ ዓመት የተቀየመባትን ቃል በገዛ እጁ ሊፈርምባት ነው። ሌላው መንገድ አውቄ ነው ማለት ነው፤ እሱ ደግሞ አጭበርባሪ ያደርገዋል።

ናስር ቀድሞት ደርሶ አገኘው። ሸበት ጣል አድርጎበታል፤ ሆዱም ወጣ ብሏል። የሱፍ ጣቃ ላይ ተቀምጦ ዝናሽን ሲያስቃት ነበር። ኢምራንን ሲያይ ተነሣ።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ኢምራን።»

«ወዐለይኩሙ ሰላም።» ተቃቀፉ፤ የትከሻ ብቻ የሆነ መተቃቀፍ። «መካነ ብርሃን እንዴት ናት?»

«ብርዷ ነው ያስረጀኝ። ምነው፣ አንተ አሁንም እዚችው በርጩማ ላይ ነህ?» ሳቅ አለ። «አዲስ እትም መጣ ቢሉኝ እኮ ነው የመጣሁት። መርዝ አይገድልም አሉ! ደጃች መብረቅ ትንሽ ቢታገሥ ኖሮ…»

«አልነገርሁህም?» አለ አስማረ። «በአሮጌው ሕግ ግን ሞቶ ነው የቀረው፤ አይ ወንድ!»

ናስር መሬት መሬት እያየ ፈገግ አለ። «አትሳቁብኝና፣ መካነ ብርሃን የገባሁ ሰሞን ሕመምተኛ አጥቼ ሥራ በፈታሁ ቁጥር ያችን ምንጭ አስብ ነበር። ባልጠጣስ? እላለሁ። በቅሎዬስ ምን ሆነች? የትልቅ ሰው ነገር አይደለም፣ አውቃለሁ። ብቻ ቢያንስ አንዴ ብወረውር ኖሮ እላለሁ። ሕግ ሆነ፣ ምን ይደረጋል።»

ሪሃና ጉሮሮዋን ጠረገች። «ጋሽ ናስር፣ እሱን ነገር እንኳ… አሮጌው ላይም መወርወር ነበረበት። አጎቴ ያኔ እንግሊዝኛው…»

«እ?» አለ አስማረ። ዝናሽ ከዚያ እዚህ ተገላመጠች።

ናስር ሪሃናን አየ፣ ከዚያ ኢምራንን አየ፤ ፊቱ ላይ የመጣው ቁጣ አልነበረም። ኢምራን የፈራው ያው ራሱ መጣ፤ ርኅራኄ። «እህ!» አለ ናስር፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንተማ ምን ታደርግ፣ ኢምሩ። ባልገባህ ነገር ማን ይጠይቅሃል። እኔም ያኔ መጽሐፉን ልየው ማለት ነበረብኝ።»

ክፍሉ ውስጥ ሁሉም እፎይ ሊል ትንሽ ቀረው። ኢምራን ያ እፎይታ ሲመጣ ታወቀው፤ ሞቅ ያለ፣ ዝም ካለ የሚያስተኛ።

ኪሱ ገባና ቁልፉን አወጣ።

መሳቢያው እንደ ልማዱ እምቢ ብሎ በሁለተኛው ተከፈተ። ላስቲኩን ፈታ። መጽሐፉ ጀርባው ተሰንጥቆ በፕላስተር ተይዟል፤ ኢምራን ገጹን ለመፈለግ ማውጫ አላየም፣ እጁ ያውቀዋል። ከፍቶ ናስር ፊት አስቀመጠው።

የእንግሊዝኛው መስመር በእርሳስ ተሰምሮበታል። ከጎኑ፣ ዳርቻው ላይ፣ በኢምራን የተንጋደደ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «መርዝ፦ ይወርውር። ካልቀናው ይሞታል።»

ናስር አነበበው። ጣቱን በእርሳሱ ላይ አሳለፈ። «መቼ ነው የጻፍከው?»

«ፈረንጁ እያለ።»

«ስለዚህ ታውቅ ነበር።»

«አንብቤዋለሁ» አለ ኢምራን። ድምፁ ከራሱ ጆሮ ራቀበት። «እንግሊዝኛው አልከበደኝም። በደንብ ነው ያነበብኩት፤ ዛሬም አነበዋለሁ። ነዳጅ የለውም ስላልከኝ ነው የገደልኩት።»

«ምን አልኩህ?»

ናስር አያስታውሳትም። ኢምራን ይህን አልጠበቀም። ዘጠኝ ዓመት የተሸከማትን ቃል፣ የተናገራት ሰው ጥሏት ሄዷል።

«የኔዋስ?» አለች ዝናሽ ከወደ በሩ። «አዝማሪቷስ ኢምራን?»

«እሷም መወርወር ነበረባት። የአስማረም።»

«አያ ኢምራን!» አለ አስማረ። ዝናሽ ሄዳ ማኪናዋ ጋ ተቀመጠች፤ ግን አልሰፋችም። ሪሃና የአዲሱን መጽሐፍ ሽፋን በእጇ አሻሸች። ደጅ ባጃጅ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈ።

ናስር እጁን ዘርግቶ ከሜትሩ አጠገብ ያለውን አሮጌ ዳይስ አነሣ፤ ቁጥሮቹ ተፍቀው ኢምራን በእስክሪብቶ ደግሞ የጻፈባቸውን። በመዳፉ አገላበጠው። ይቅር አላለም። አልተሳደበምም።

«ስንት ነው የሚያስፈልገኝ?» አለ፣ ቀና ሳይል።

ኢምራን አፉን ከፈተ። ቁጥሩን እንደ ስሙ ያውቀዋል። ሃያ ዓመት ቁጥር የጠየቀውን ሁሉ ከዚህ በርጩማ ላይ ሆኖ ሲመልስ ኖሯል።

ተነሣ። በርጩማውን በእግሩ ወደ ናስር ገፋለትና፣ ከአስማረ ጎን ጣቃው ላይ ሄዶ ተቀመጠ።

«መጽሐፉ ፊትህ ነው» አለ። «አንተው አንብበው።»