የግርጌው ገመድ

በፖርትኔሪ፣ በእኛ በስኮትላንዷ የአጥማጆች ከተማ፣ ጄምሲና ኮዊን የማይሰድብ ሰው ካገኛችሁ መቃብር ውስጥ ያለ ነው። እኔም እሰድባታለሁ፤ ግን ፊት ለፊቷ ነው። ኔታ እባላለሁ። አንድ መንገድ ላይ ነው ያደግነው። ዓሣ ፋብሪካው ውስጥ ጎን ለጎን ቆመን ዓሣ ስንበልት ነው ጣቶቻችን የተጣመሙት። ፓርላማ ስትገባ ደግሞ እዚህ ያለውን ቢሮዋን የያዝኩት እኔ ነኝ። ስልክ አነሳ፣ መኪናዋን እነዳ፣ የመጣውን ስድብ ሁሉ ቀድሜ እቀበል ነበር።

ስሟ የአባቷ ነው። ጄምስ ኮዊ ወንድ ልጅ ሲጠብቁ ሴት መጣችባቸው፤ እኛ አገር እንደሚደረገው የራሳቸውን ስም ጫፉ ላይ ትንሽ ቀጥለው ሰጧት። ወንድሟ ዶድ ሲወለድ ስሙ ተወስዷል። እሷ ስሙን ወረሰች፣ እሱ ጀልባውን።

ገና ልጅ እግር ሆና ነው ነገር የጀመረችው። ፋብሪካው ክረምት ከበጋ ማሞቂያ አልነበረውም። አንድ ቀን ሴቶቹን ሁሉ ቢላዋ አስጣለችና አስወጣችን። አለቃው እየሮጠ መጥቶ "ምን ሆናችሁ?" ሲል፣ "ዓሣውን በረዶ ላይ የምታስተኛው ስለሞተ ነው፤ እኛ አልሞትንም" አለችው። ማሞቂያው ገባ። ከዚያ የወረዳው ምክር ቤት አባል ሆነች፤ ከዚያ ኤዲንብራ፣ ፓርላማ፤ ከዚያ ይባስ ብሎ የዓሣ ሀብት ሚኒስትር። ያን ቀን ወደቡ ላይ ጨፍረናል። የእኛ ልጅ ዓሣችንን ልትጠብቅልን ነው ብለን! ጠበቀችው፣ ምን ይወጣላታል። ከእኛ ጠበቀችው።

ዓሣው እያለቀ ነበር። አጥማጆቹም ያውቁታል፤ በየዓመቱ መረቡ ውስጥ የሚገባው እያነሰ፣ እየቀጨጨ ነበር። ከጀልባዎቹ ግማሹ ከባሕር ይውጣ ተባለ። መንግሥት ካሳ ይከፍላል፤ ጀልባው ግን ለሌላ ተሸጦ ተመልሶ እንዳያጠምድ መሰበር አለበት። ውሳኔው እሷ ጠረጴዛ ላይ መጣ። ዶድ ኤዲንብራ ድረስ ሄደ። እኔው ነኝ የወሰድኩት።

"አትፈርሚ" አላት። "ግድ ካሉሽ ወንበሩን ልቀቂ። ሌላው ይፈርም። ያንቺ እጅ ብቻ አይሁን፣ እባክሽ።"

አለቀሰ እኮ! ዶድ ኮዊ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። አልለቀቀችም። ፈረመች።

"ጽናት" ትባል ነበር ዶድ የሚያጠምድባት የአባቷ ጀልባ። ከሌሎቹ ጋር ወደቡ ላይ ተጎትታ ወጣችና ማሽኑ በብረት ጥርሱ ሆዷን ዘረገፈው። ጄምሲና መጥታ አየች። "አትሂጂ፣ ይደበድቡሻል" ብያት ነበር፤ "የፈረምኩትንማ ማየት አለብኝ" አለችኝ። ማንም አልደበደባትም። አንዲት ሴት ብቻ ጫማዋ ላይ ተፋችባት። በሚቀጥለው ምርጫ ወደቀች። ከፖርትኔሪ የመረጣት ሰው ተሰብስቦ ቢመጣ የእኔ ማድቤት ይበቃው ነበር። ዶድ ከዚያ ወዲህ አንዲት ቃል አልተነፈሰላትም፤ መንገድ ላይ ካያት ይሻገራል።

ሽማግሌው አባቷ ግን አንድም ቀን ክፉ አልተናገሯትም። ደግም አልተናገሯትም። ሊሞቱ ሲሉ ነው ሁለቱን ልጆቻቸውን አስጠርተው፣ እኔ ሾርባ ይዤ እንደቆምኩ፣ "ራስጌዬን ዶድ ይያዝ። ግርጌዬን ጄምሲና" ያሉት።

እኛ ጋ የሬሳ ሣጥን ወደ ጉድጓድ የሚወርደው በስምንት ገመድ ነው። ለየገመዱ ሰው ይመረጣል። የተመረጠ ሰው ተከበረ ማለት ነው፤ የተዘለለ ዕድሜ ልኩን ያኮርፋል። የሌላውን ሰው ገመድ መንካት ደግሞ ነውር ነው፤ ከሌብነት ይብሳል። ሴት ግን ገመድ አትይዝም። ሌላ ቦታ ጀምረዋል ሲሉ እሰማለሁ። በፖርትኔሪ ሴት ሻይ ነው የምታፈላው።

"አባዬ፣ ሴት ናት እኮ" አለ ዶድ፣ እሷን ሳያይ።

"ስሜን ስሰጣት ሴት መሆኗን አውቅ ነበር" አሉት።

ዶድ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና "እሺ" አለ።

ሬሳው በቤት ሳለ ጄምሲና ማድቤቴ መጥታ ተቀመጠች። ሻይ ሰጠኋት፣ አልጠጣችውም። "ኔታ፣ ይቅር እንዲሉኝ አልፈልግም" አለችኝ። "እንዲያናግሩኝም አልፈልግም። ያቺን ገመድ ብቻ ነው የምፈልገው። አባዬ ያለኝን ላድርግለት፤ ከዚያ የፈለጉትን ይበሉኝ።"

"ጓንት አድርጊ" አልኳት። ሌላ ምን ልበላት? "መቃብሩ ላይ ያለው ነፋስ ጣት ይቆርጣል።"

"በባዶ እጄ ነው የምይዘው" አለች።

መቃብሩ ከባሕሩ በላይ ጉብታው ላይ ነው። ዝናብ ያካፋ ነበር። ሣጥኑ ጉድጓዱ ላይ በተጋደሙ ሳንቃዎች ተቀምጧል። ቄሱ ጸሎቱን ጨረሰና የቀብር አስፈጻሚው የገመዶቹን ቁጥር በተራ መጥራት ጀመረ።

"አንድ!" ዶድ ራስጌ ቆሞ ገመዱን ያዘ።

"ሁለት!"

ጄምሲና ከሴቶቹ መሃል ወጥታ ግርጌ ቆመች። ገመዱን አነሳች። ከኋላዬ አንዱ፣ "ክብርት ሚኒስትር ዛሬ ደግሞ ምን ሊያወርዱብን ነው?" ሲል ሰማሁት። ዞሬ "አፍህን ዝጋ!" አልኩት። ቀብር ላይ መሆኔንም ረስቼ።

"ሦስት!"

ሦስተኛው ገመድ የኤክ ስሌተር ነበር። የእሱ ጀልባ ከ"ጽናት" ጎን ነበር የምትታሰረው፤ የተሰበሩትም አንድ ቀን ነው። ኤክ ሁለት እጁን ካፖርት ኪሱ ከተተና ባሕሩን ማየት ጀመረ።

"አራት!" የሚንቀሳቀስ ጠፋ። "አምስት!" ምንም። አስፈጻሚው ጉሮሮውን ጠራርጎ እስከ ስምንት ድረስ ጠራ፤ ከዚያ መልሶ ከሦስት ጀመረ። ስድስት ወንዶች እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ቆሙ። ተማክረው የመጡ አይመስለኝም። ኤክን አይተው ነው፤ እኛ ሰዎች እንዲህ ነን። ሌላው ሰው ደግሞ፣ መቃብሩን የሞላው ወንድ ሁሉ፣ የሰው ገመድ አይነካም።

"ኤክ!" አለ ዶድ። "የአባቴ ሬሳ ነው እኮ!"

"ለአባትህ ነፍሴን እሰጥ ነበር፣ ዶድ። ከእሷ ጋር ግን ገመድ አልይዝም። አንዴ መርጫት ከእሷ ጋር ያዝኩ፣ የት እንደጣለችኝ አይተሃል።"

ደሜ ፈላ። "አንተ ኤክ ስሌተር! እናትህ በብርድ ስትንቀጠቀጥ ማሞቂያ ያስገባላት ማን ነበር? አይንህ ላፈር!"

"ኔታ፣ ተይ" አለች ጄምሲና። ድምጿ የተረጋጋ ነበር።

ዝናቡ በረታ። የሣጥኑ ክዳን ላይ ውሃው ሲንጠባጠብ ይሰማል። ያኔ ነው ዶድ፣ ያን ሁሉ ዓመት መንገድ ሲሻገርባት የኖረው ዶድ፣ ቀና ብሎ አይን አይኗን እያየ ያናገራት።

"ያዢ" አላት። "እንዳትለቂ። እስኪመሽም ቢሆን እንቆማለን።"

በቃ፣ ወንድምሽን አገኘሽ፣ ያዢው አልኩ በሆዴ። እሷ ግን ሣጥኑን አየች፣ ስድስቱን ወንዶች አንድ በአንድ አየች፣ ከዚያ ጎንበስ አለች።

"አባዬን ዝናብ እየመታው ነው" አለች።

የገመዱን ጫፍ ሣሩ ላይ አስቀመጠችና ወደ ሴቶቹ ተመልሳ አጠገቤ ቆመች። መዳፏ ቀልቷል። እጇን ልይዛት ብል ነጠቀችኝ።

ኤክ ቀድሞ ወጣ። ቀና ብሎ ማንንም ሳያይ ገመዱን ያዘ። የቀሩትም ተከተሉት። አስፈጻሚው ግርጌውን ራሱ ሊይዝ ሲራመድ ዶድ "ተወው!" ብሎ ጮኸበት። በሰባት ገመድ አወረዷቸው። ግርጌው ትንሽ ዘንበል ብሎ ነው የወረደው። ሰባቱ ገመዳቸውን እንደ ልማዱ ወደ ጉድጓዱ ጣሉ። የእሷ ገመድ ጫፍ ብቻ አፋፉ ላይ ቀረ።

ሰዉ ወደ ሆቴሉ፣ ወደ ሾርባውና ወደ ውስኪው ወረደ። እሷ አልተንቀሳቀሰችም፤ የመኪናው ቁልፍ እኔ ጋ ስለሆነ እኔም ቆምኩ። ዶድ ከመቃብሩ በር ተመልሶ መጣ።

"ያዢ አልኩሽ እኮ" አለ።

"ሰምቼሃለሁ።"

"ያኔ ልቀቂ ብዬ ለመንኩሽ፣ አልለቀቅሽም። ዛሬ ያዢ ስልሽ ለቀቅሽ። ምን አይነት ሰው ነሽ አንቺ?"

"ያኔ ብለቅ ዓሣው ይመለስ ነበር? የሚፈርመውማ አይጠፋም ነበር፤ እሱ ግን አንዳችሁንም አያውቅም። እኔ ስፈርም የእያንዳንዱን ጀልባ ስም እያየሁ ነው።"

ዶድ "ዛሬ ወንበሩ ላይ ቢመልሱሽስ?" አላት። "ትፈርሚያለሽ?"

ዋሺ አልኩ በሆዴ። በእናትሽ ዋሺ! ስንቱን ዘመን ፖለቲካ ውስጥ ኖረሽ አንዲት ውሸት እንዴት ታጪያለሽ!

"እፈርማለሁ" አለች። እንባዋ ይወርድ ነበር።

ዶድ በጫማው ጫፍ ገመዱን አሳያት። "እሱን አባዬ ነው የሰጠሽ፤ እኔ አይደለሁም። ጣይው" አለና ሳይሰናበታት ቁልቁል ሄደ።

ጎንበስ ብላ አነሳችው፣ ትንሽ ያዘችው፣ ጣለችው። መኪናው ውስጥ ማሞቂያውን ከፈትኩላት። ሆቴሉ ጋ ልንደርስ ስንል፣ "ኔታ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ ትክክል አድርጌያለሁ?" አለችኝ።

"የቱን?" አልኳት።

በሆቴሉ መስኮት ውስጥ ወንዶቹ ብርጭቋቸውን ይዘው ቆመው ይታዩ ነበር፤ ዶድ መሃላቸው ነበር። ፍጥነቴን ቀነስኩ፣ አየኋት፣ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች፤ አልፈን ሄድን።