የተበላው የናፍጣ ቧንቧ

ልጆቼ፣ ይህን ነገር ሳስታውስ ዛሬም ፊቴን በጋቢዬ መሸፈን ያምረኛል።

በስድሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ቢቸና ውስጥ የአቶ ደምለው ወፍጮ ጠባቂ ነበርኩ። ናፍጣው ደጅ ካለው ታንከር በብረት ቧንቧ ወደ ሞተሩ ይወርዳል። ቧንቧውን የዘረጋው ሣህለ ማርያም የሚባል ከሸዋ መጥቶ ሞጣ የተቀመጠ መካኒክ ነው።

«ስማ ጓዴ» አለኝ ያን ጊዜ በስሜ ጠርቶ፤ «ውሃ ከናፍጣ ሥር ይተኛል። እዚያ ውስጥ በዓይን የማይታይ ተባይ ይራባል፤ ብረት ይበላል። ቅዳሜ ቅዳሜ የታንከሩን የሥር መክፈቻ ከፍተህ ውሃውን አፍስስልኝ።»

«ብረት የሚበላ ተባይ? ጥርሱ ምን ቢሆን ነው ጋሼ?» ብዬ ሳቅሁ።

«ጥርስስ የለውም፤ ጊዜ ግን አለው።»

ቅዳሜ ቅዳሜ አፈስስ ነበር። ጥቅምት ላይ ሞተሩ ሲያስቸግር ግን ከጊዮርጊስ ጸበል በቅል ቀድቼ፣ ማንም ሳያየኝ፣ ታንከሩ ውስጥ ጨመርኩበት። ከዚያ ወዲያ መክፈቻውን መንካት ፈራሁ። ብከፍተው ጸበሉ መሬት ይፈስሳል፤ አህያ ይረግጠዋል። ስምንት ወር ሳልከፍተው ቆየሁ።

ሰኔ ላይ ቧንቧው ተበሳ። ናፍጣው ግቢውን አረጠበው፤ እህል የጫኑ ሴቶች እንደቆሙ ቀሩ። ሣህለ ማርያም ከሞጣ ተጠርቶ መጣና ቧንቧውን ቆረጠው። ውስጡ ጥቁር ዝልግልግ፣ ሽታው የተበላሸ እንቁላል።

«ውሃ ተኝቶበታል» አለ።

«ጓዴ፣ ስታፈስስ ነበር?» አሉኝ አቶ ደምለው።

«አዎ ጌታዬ፣ በየቅዳሜው።»

ወደ ሣህለ ማርያም ዞሩ። «እንግዲያ አሮጌ ብረት ነው የሰጠኸኝ። ሌባ ነህ። ከሞጣ እስከ የጁቤ ያለ ባለ ወፍጮ ሁሉ እንዳያስጠጋህ አደርጋለሁ።»

ሣህለ ማርያም አንዴ አየኝና መፍቻዎቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ይጠቀልል ጀመር። ቢሰድበኝ በተሻለኝ። የግቢው በር ጋ ሲደርስ አልቻልኩም።

«ዋሽቻለሁ ጌታዬ» አልኩና ሁሉንም አወጣሁት።

«አይ ጓዴ፣ ሞተሩን ክርስትናም አላስነሳኸውም?» አሉ እሜቴ ጥሩአየሁ ከእህላቸው አጠገብ። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። አቶ ደምለው አቀርቅረው ሰውየውን ይቅርታ ጠየቁት።

ሣህለ ማርያም አልሳቀም። ተመልሶ አጠገቤ ቁጢጥ አለና ቀስ ብሎ፣ «ለምን በእንስራ ተቀብለህ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ አታፈስሰውም ነበር?» አለኝ።

ለካ እንዲህ ቀላል ነበር።

በማግስቱ ታንከሩን ፍቀን አጠብነው። አዲሱን ቧንቧ ሲገጥም «ያዝልኝ» አለኝ፤ ጫፉን ያዝኩለት። ቀና ብዬ ግን አላየሁትም።