አኩራፊዋ ማዶ ናት
አኩራፊዋ ትኑር አትኑር የእኔን ያህል የጨነቀው ሰው ያለ አይመስለኝም። ከቅጠል ሥር የማትወጣ፣ ሰው ስታይ ጀርባዋን የምትሰጥ ወፍ ስለሆነች ነው እኛ አስጎብኚዎች ይህን ስም ያወጣንላት። ጎብኚ ተራራውን እያለከለከ የሚወጣው እሷን ብሎ ነው። የጥብቅ ደኑ ኃላፊ ግን "ያያት የለም፤ ጠፍታለች ብለን እናሳውቅ" ማለት ከጀመሩ ሰነበቱ። እኔ ደግሞ "በየማለዳው ስጠራት ትመልስልኛለች" ብዬ ድርቅ አልኩ።

ከንፈሬን አሹዬ ሁለቴ አፏጫለሁ፤ ከገደሉ ማዶ ሁለቴ ይመለሳል። ጎብኚዎቼ ደስ ይላቸዋል፤ እኔም ደረቴን እነፋለሁ።

አንድ ቀን ግን ነገሩ ግራ ገባኝ። አፏጨሁ፤ መልሱ ከማዶ ሳይሆን ከእኛው መንገድ፣ ከመታጠፊያው በታች መጣ። ደገምኩ፤ ቀረበች። አኩራፊ ወደ ሰው ትቀርባለች እንዴ? ጎብኚዎቹ ካሜራቸውን ደገኑ። ቁጥቋጦው ተገለጠና ታላቅ ወንድሜ ከንፈሩን እንዳሾለ ብቅ አለ፤ ከኋላው የራሱ ጎብኚዎች።

"አንተ ነህ እንዴ?" አለኝ። "እኔ እኮ ወፏ ናት ብዬ ነው ስመልስ የኖርኩት።"

የማዶው መንገድ ዛፍ ወድቆበት ስለተዘጋ ነው በእኛ በኩል የመጣው። ከተኳረፍን ወዲህ እሱ የማዶውን፣ እኔ የወዲህኛውን መንገድ ይዘን ቃል ሳንለዋወጥ ዓመታት አልፈዋል። ያጣላን የአባታችን የሩቅ ማያ መነጽር፣ ባይናኩላሩ ነው። እሱ "ገደል ገባብኝ" አለ፤ እኔ "ሸጠኸዋል፣ ውሸታም" አልኩት። ለካ ሰላምታ የተነፋፈግን ወንድማማቾች በየማለዳው ስንጠራራ ኖረናል። ጎብኚዎቹ ሳቁ። እኔ ግን ሌላ ነገር አሰብኩ። ከሰማሁት ፉጨት ውስጥ አንዱም የእሷ ባይሆንስ?

"መንገዱ ሲከፈት፣ በየቦታችን ሆነን አፋችንን እንዝጋ" አለ ወንድሜ። "ያኔ ከተሰማ እሷ ናት።"

መንገዱ ተጠርጎ እሱ ወደ ማዶ ሄደ። ወሬው የደረሳቸው ኃላፊም ራሳቸው አብረውኝ ወጡ። እርጥብ ግንድ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። ጆሮዬ ንፋሱንም፣ የራሴን ትንፋሽም እየሰማ አስቸገረኝ። ተስፋ ልቆርጥ ስል ከማዶ ሁለቴ ተፏጨ።

ኃላፊው ፈገግ አሉ። "ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች ይባላል። ያንተዋ ግን እንደ ወንድምህ ነው የምትጮኸው።"

እኔም አላወቅኩም። ቁልቁለቱን ስወርድ አንዴ እሷ ናት እላለሁ፣ አንዴ እሱ ነው እላለሁ።

ወንድሜ ቀድሞን ወርዶ የጥብቅ ደኑ መግቢያ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። "ለምን አፏጨህ?" ብሎ ተቆጣኝ።

"እኔ? አንተ አይደለህ እንዴ?"

"እኔ አፌን አልከፈትኩም። የመጣው ካንተ በኩል ነው።"

እኔ አላፏጨሁም። እሱ እውነቱን ከሆነ አኩራፊዋ በመካከላችን፣ ገደሉ ውስጥ አለች ማለት ነው። እሱ እውነቱን ከሆነ።

ኃላፊው ወደ እኔ ዞሩ። "ታዲያ ምን ብዬ ላሳውቅ? ይህን ሰው ታምነዋለህ?"

ወንድሜ ጫማውን ያያል። ያኔ "ውሸታም" ያልኩት ትዝ አለኝ።

"ወንድሜ አይዋሽም" አልኩ። "አለች ብለው ያሳውቁ።"

ኃላፊው ራሳቸውን እየነቀነቁ ወደ ቢሯቸው ገቡ። ወንድሜ አልተንቀሳቀሰም።

"አይዋሽም ያልከው ስለ ወፏ ብቻ ነው?" አለኝ ዝግ ብሎ።

"ስለ ባይናኩላሩም ነው፣ ወንድም ጋሼ።"