ባዶውን ነጭ ያለች

ለስድስት ሰዓት ሃያ ደቂቃ ጉዳይ ነበር። ልክ በስድስት የኮምፒውተር ሥዕል መሥሪያው ፕሮግራም አዲስ እትም ይዘጋል፤ ከዚያ ወዲያ የመጣ እርማት ስድስት ወር ይጠብቃል። ፕሮግራሙ ለማንም በነፃ የሚሰጥ፣ ኮዱም ለሁሉም ክፍት የሆነ ነው፤ የቻለ ያቃናዋል። ዲዛይነሯ ሦስት ወር ሙሉ ከምሳ ሰዓቷ እየሸረፈች አንዲት ስሕተት አቃናች፦ ቀለም ሲሞላ በምስሉ ጠርዝ የሚቀረውን ግራጫ ክር። የመጀመሪያ ሥራዋ ነው። በአካል የማታውቃቸው የኮዱ ጠባቂ ሥራዋን ሁለቴ መልሰውባት፣ ዛሬ ጠዋት «ሳይዘጋ አስገባዋለሁ» ብለው ጻፉላት።

የምትሠራበት ማተሚያ ቤት ባለቤት ታላቅ ወንድሟ ነው። እርማቷ በገባበት የፕሮግራሙ ቅጂ እየሠራ ነበር።

«አንቺ ልጅ! የዳቦ ቤቱን ዓርማ ምን አደረግሽው?»

«አልነካሁትም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ጂን ነካው?»

በስክሪኑ ላይ፣ በዳቦ ቤቱ ቀይ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ያረፈው ዓርማ ዙሪያው ባዶ ሆኖ ቀዩን ማሳየት ሲገባው ነጭ ሣጥን ለብሷል። ኮዷን ከፍታ አየች። ያደገችው ወረቀት መሀል ነው፤ እዚህ ቤት ቀለም ያልነካው ሁሉ ነጭ ነው። በኮዱም ባዶውን ነጭ ብላ ቆጠረችው። የሞከረችባቸው ሥዕሎች ሁሉ ነጭ ወረቀት ላይ የሚታተሙ ስለነበሩ አልታያትም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ለጠባቂው ንገሪያቸዋ!»

«ከነገርኳቸው እርማቴ ይቀራል።»

«ካልነገርሽማ የዓለም ዳቦ ቤት ሁሉ ሣጥን ይለብሳል።»

አሥራ አንድ ደቂቃ ቀረ። ሰበብ የሞላበት ደብዳቤ ጀመረች፤ ሰረዘችው። «አያስገቡት። ባዶውን ነጭ አድርጌዋለሁ» ብላ ላከች። መልስ የለም። ምናልባት አስገብተውት ሄደዋል።

«ቢቆጡስ?»

«ይቆጡ። የሩቅ ቁጣ ጆሮ አይቆነጥጥም» አለ ወንድሟ፤ እሱም ግን ከጀርባዋ አልተነቃነቀም።

ሦስት ደቂቃ ሲቀር መልስ መጣ። «ለጥቂት ነው፣ እህቴ! እጄ ቁልፉ ላይ ነበር። እርማቱ ይቆይ። እኛም አላየነውም፤ ከመፈተኛ ምስሎቻችን መሀል እንዲህ ያለ የለም። አንድ ሥሪልን፤ መፈተኛ ምስል እትሙ ከተዘጋም በኋላ ይገባል።»

የደንበኛን ዓርማ መላክ አይቻልም። ሰማያዊ ቀለበት ሣለች፤ መሀሉን ባዶ ተወችው። ከዚያ በገዛ እርማቷ ሞከረችው።

መሀሉ ነጭ ሆነ።

«እርማትሽ ወደቀ?» አለ ወንድሟ።

«ወደቀ።»

ስሕተቷን ያዘባት፤ መፈተኛው በደንብ ይሠራል። ላከችው።