ገጽ አርባ አንድ

እህቴ የምታስጠናኝ ልብስ እየሰፋች ነበር። መጽሐፉን የስፌት መኪናዋ ጠረጴዛ ላይ ትዘረጋና ጠርዙን በመቀሷ ታስጭነዋለች፤ ከዚያ አንድ ዓይኗ መርፌው ላይ፣ አንድ ዓይኗ መስመሩ ላይ ሆኖ መርገጫውን ትረግጣለች። እኔ ከኋላዋ አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ገጹን በቃሌ እወጣዋለሁ። አንዲት ቃል ከሳትኩ መኪናው ቀጥ ይላል። አትቆጣም፤ ዞራም አታየኝም። «ከላይ ጀምር» ትላለች፣ በቃ። ከገጹ አናት እንደ አዲስ እጀምራለሁ፤ መኪናውም አብሮኝ ይነሳል።

እናትና አባታችን ካለፉ ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ከዘጠነኛ ክፍል ወጥታ የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም መስፋት ስትጀምር እኔ ገና ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ከፍ ካልኩ በኋላ መጻሕፍቱ በባዕድ ቋንቋ ሆኑ፤ እሷ የምትከተለው ፊደሉን እንጂ ፍሬ ነገሩን አልነበረም። እውነቱን ለመናገር እኔም ከሷ ብዙ አልሻልም ነበር። ግን ነጠላ ሰረዟ ሳትቀር እወጣው ነበር። ሰፈሩ «ቴፑ» የሚል ስም ያወጣልኝ ለዚህ ነው። አስተማሪዎቼ ፈተና ሲያርሙ እኔ ወረቀት ላይ ሲደርሱ መጽሐፉን ከጎኑ ዘርግተው ያመሳክራሉ፤ አንድም ሳይጎድል ሲያገኙት «አቤት ጭንቅላት!» ብለው መቶ ከመቶ ይሰጡኛል። በዚሁ ጭንቅላት ነው ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቼ ባሕር የተሻገርኩት።

ዕድሉን የሰጠኝ ድርጅት ያስፈረመኝ ወረቀት ላይ አንዲት መስመር በደማቁ ተጽፋ ነበር፤ በመጀመሪያው ወር ፈተና በአንድ ትምህርት እንኳ የወደቀ ወደ አገሩ ይመለሳል ትላለች። ለእህቴ ተረጎምኩላት።

«አንተን ነው እንዴ በፈተና የሚያስፈራሩህ?» ብላ ሳቀች። «እንኳን አንተ፣ እኔ ብሄድ አልወድቅላቸውም።»

የተሰጠኝ ክፍል አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ከአንድ ስንዝር በላይ የማይከፈት መስኮት። በመስኮቱ የሚታየው የመኪና ማቆሚያ ብቻ ነበር፤ እኔም የሰው ናፍቆቴን የምወጣው በዚያ ነበር። መኪናቸውን አቁመው ለሚወርዱት ሰዎች ሁሉ ኑሮ እፈጥርላቸዋለሁ። ቀይ መኪና የምትነዳ አንዲት ሴትዮ ነበረች፤ ሞተር ካጠፋች በኋላ ለረጅም ጊዜ ሳትወርድ ትቆያለች። እያለቀሰች ነው ብዬ ወስኜላት ነበር። እኔ በሦስት ሳምንት ውስጥ ከአፌ ያወጣሁት ቃል ቢጻፍ ግማሽ ገጽ አይሞላም። «ይቅርታ»፣ «አመሰግናለሁ»፣ «ይሄ ወረፋ ነው?» ይኸው ነው።

የማጠናው ቤተ መጻሕፍቱ ሥር ባለው ምድር ቤት ነው። የጥናት ክፍሉ መብራት ሰው ሲገባ በራሱ ይበራል፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ካጣ ደግሞ በራሱ ይጠፋል። እኔ ስሸመድድ ድንጋይ ነኝ። ስለዚህ በየአሥር ደቂቃው ድርግም ይልብኛል። እጄን አንስቼ ካላወዛወዝኩ ክፍሉ ሰው እንዳለበት አያምንም። የመጀመሪያ ሰሞን ያስቀኝ ነበር። በኋላ ግን እጄን ባነሳሁ ቁጥር አንድ የማላውቀው ሹም ፊት ቆሜ «አለሁ እኮ፣ ጌታዬ» እያልኩ የምለማመጥ ይመስለኝ ጀመር።

አንድ ቀን እንዲሁ በጨለማው ተቀምጬ እያነበነብኩ ሳለ መብራቱ ቦግ አለ። በሩ ላይ ሲኒየሩ ቆሟል። ሲኒየሩ የምለው ያገሬን ልጅ ነው፤ ሦስተኛ ዓመት ነበር፣ ግቢው ውስጥ ካገሬ ሰው ያለው እሱ ብቻ ነው።

«አንተ! ምን ሆነህ ነው? ጸሎት ላይ ነህ?»

«እያጠናሁ ነው።»

«በጨለማ? ዓይንህን ጨፍነህ?»

«ገጽ አርባ አንድን በቃሌ እየወጣሁ ነበር።»

ከት ብሎ ሳቀ። «ወይ ጉድ! ወንድሜ፣ መጽሐፉን እኮ አንዴ ጽፎ የገላገለን ሰውዬ አለ። ድገምልኝ ያለህ የለም።»

«ታዲያ ምን ልጻፍላቸው?»

«ሐሳብህን ነዋ።»

«የምን ሐሳብ?»

«እኔ ምን አውቅልሃለሁ! ጭንቅላትህን ፈተሽ ፈተሽ አድርገው፣ የሆነ ጥግ አንድ አይጠፋም።»

ቅናት ነው ብዬ ናቅኩት። ይሄ መሸምደድ ያቃተው ሰው ነው አልኩ በሆዴ፤ በሩን ዘግቶ ሲሄድም ከላይ ጀመርኩ።

ፈተናው በአራተኛው ሳምንት ደረሰ። የማኅበራዊ ጥናት መግቢያ የሚባለው ትምህርት ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፤ «ቤተሰብ ምንድን ነው? አብራራ።» ልቤ በደስታ ልትወጣ ደረሰች። ገጽ አርባ አንድ! ከአናቱ ጀምሬ እስከ አርባ ሦስት መጨረሻ ድረስ ብዕሬን ሳላነሳ ጻፍኩት። የእህቴ መኪና ጆሮዬ ውስጥ ይንኳኳል፤ አንዴም አልቆመም። ሌሎቹ ጣራ ጣራ እያዩ ጭንቅላታቸውን ሲያኩ እኔ ወረቀቴን አስረክቤ ወጣሁ። ያን ዕለት ከኩራቴ ብዛት ባለቀይ መኪናዋን ሴትዮ ሰላም አልኳት። ሰላም አለችኝ። ስታለቅስም አልነበረም፤ ለካ ሁልጊዜ ስልክ እያወራች ነው።

ከአምስት ቀን በኋላ ከትምህርት ክፍሉ ደብዳቤ መጣ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት እንድቀርብ ይላል። የተጠረጠርኩበት ጉዳይ፦ ፈተና መኮረጅ።

ደብዳቤውን ይዤ ሲኒየሩ ጋ ሮጥኩ።

«ኮርጀሃል?» አለኝ።

«እኔ? ተወልጄ ኮርጄ አላውቅም!»

«እስቲ የጻፍከውን ንገረኝ።»

ቆሜ ወጣሁለት። እስከ አርባ ሁለተኛው ገጽ ወገብ ድረስ ዝም ብሎ ሰማኝ፤ እዚያ ላይ እጁን አነሳ።

«ቆይ፣ ቆይ። "ቀጥሎ ያለውን ሥዕል ሁለትን ይመልከቱ" ብለህ ጻፍክ?»

«አዎ።»

«ፈተናው ወረቀት ላይ?»

«መጽሐፉ ላይ አለ እኮ።»

«ሥዕሉስ የታለ?»

«ሥዕሉን አልሣልኩትም።»

ሊስቅ ነው ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልሳቀም። ወንበሩ ላይ ዘፍ አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «አለቀልህ፣ የኔ ወንድም» አለኝ።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። ሽበት የወረሳቸው ሰብሳቢ ሴትዮ፣ የማኅበራዊ ጥናት አስተማሪዬ፣ እና ቃለ ጉባኤ የምትይዝ ጸሐፊ። አስተማሪዬ ገና በመጀመሪያው ቀን በስሜ ጥሩኝ ብለውን ነበር፤ እኔ ግን አፌ እምቢ ስላለኝ እስከዚያ ቀን ድረስ በምንም ጠርቻቸው አላውቅም።

«መጽሐፉን ሳታይ ነው የጻፍከው?» አሉ ሰብሳቢዋ።

«አዎ።»

«ሦስቱንም ገጽ?»

«ሌላም ከፈለጉ አለኝ» አልኩ። ላግዛቸው ብዬ ነው እንጂ ለመኩራራት አልነበረም።

ተያዩ። አስተማሪዬ መጽሐፉን ገለጥ ገለጥ አድርገው «ስድሳ ስምንት» አሉ። ቁም ያለኝ ሳይኖር ብድግ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከአናቱ ጀመርኩ። ጸሐፊዋ በጣቷ መስመሩን ስትከተል የጥፍሯ ድምፅ ወረቀቱ ላይ ይሰማኛል። አታሚው በስሕተት አንዲት ቃል ሁለት ጊዜ ያተመበት ቦታ ስደርስ እኔም ሁለት ጊዜ አልኳት፤ ጸሐፊዋ ሳቋ አመለጣት። ምናልባት በሕይወቴ እንደዚያ አሳምሬ የወጣሁት ገጽ የለም። እህቴ እዚያ ሆና በሰማች ብዬ ተመኘሁ።

ጨርሼ ዓይኔን ስገልጥ «አቤት ጭንቅላት!» የሚል ሰው ፈለግኩ። ሦስቱም የታመመ ሰው እንደሚታይ አድርገው ያዩኛል። ሰብሳቢዋ ቀስ ብለው ተነሱና ብርጭቆ ውኃ ቀዱልኝ።

«አልኮረጀም ብለሽ መዝግቢ» አሏት ጸሐፊዋን። ወደኔ ዞሩና «ግን ይሄ መልስ ያንተ አይደለም። እኛ የምንፈልገው አንተ የምትለውን ነው። አንድ ዕድል እንሰጥሃለን። ያንኑ ጥያቄ በራስህ ቃል፣ በአንድ ገጽ መልሰህ እስከ አርብ አምጣ» አሉኝ።

ረቡዕን ባዶ ወረቀት ፊት ተቀምጬ ዋልኩ። አሥራ ሁለት ዓመት ስማር አንተ ምን ትላለህ ብሎ የጠየቀኝ ፍጡር አልነበረም። ገጽ አርባ አንድ አፌ ላይ እየመጣ ያስቸግረኛል፤ ሳባርረው አርባ ሁለት ይመጣል። መብራቱ ይጠፋል፤ እጄን አነሳለሁ። ይጠፋል፤ አነሳለሁ።

ሐሙስ ግን፣ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ የመቀሱ ነገር ትዝ አለኝ። ቤተሰብ ማለት መጽሐፍህን በመቀሷ አስጭና የምትይዝልህ ሰው ናት ብዬ ጻፍኩ። ቀጠልኩ። እህቴ ከክፍሏ አንደኛ ትወጣ እንደነበር፣ ትምህርት የተወችው ግን ሞኝ ስለሆነች ሳይሆን ሁለታችንን የሚያስተምር ሰው ስላልነበረ እንደሆነ፤ የምትሰፋቸውን ዩኒፎርሞች አንዳንዴ ደረቷ ላይ አድርጋ መስታወት ፊት ስትቆም አይቼ እንዳላየ ማለፌን። ይሄን ለሰው ነግሬው አላውቅም ነበር። ቀና ስል ሁለት ሰዓት አልፏል፤ መብራቱ አንዴም አልጠፋም። እጄ ስትንቀሳቀስ ቆይታለች ለካ።

አርብ ጠዋት አስረከብኩ። እንደዚያ ቀሎኝ አያውቅም።

በሚቀጥለው ረቡዕ አስተማሪዬ ቢሯቸው አስጠሩኝ። ወንበር ሳቡልኝ።

«ሁለት ጊዜ አነበብኩት» አሉኝ። «ሁለተኛውን ለባለቤቴ ነው ጮክ ብዬ ያነበብኩላት።»

«አመሰግናለሁ።»

«ግን ማለፊያ ልሰጥህ አልችልም።»

የሰማሁ አልመሰለኝም። ደገሙልኝ።

«አንድም ምንጭ አልጠቀስክም። ትምህርቱ ስለ ቤተሰብ ካነሳቸው ሐሳቦች አንዱንም አልነካህም። ይሄ ያንተ ታሪክ ነው፤ የፈተና መልስ አይደለም።»

«በራስህ ቃል አላችሁኝ።»

«አዎ። መጽሐፉን፣ በራስህ ቃል።»

ከመስኮታቸው ውጭ አንድ ሰውዬ ሣር ያጭዳል፤ እሱ ምን ዓይነት ኑሮ ይኖረው ይሆን ብዬ ለማሰብ ሞከርኩ፤ ምንም አልመጣልኝም።

«መጀመሪያ መጽሐፉ ብቻውን መጣ። አሁን ደግሞ አንተ ብቻህን መጣህ» አሉ፤ እንዳዘኑ ያስታውቃሉ። «ሁለታችሁ አብራችሁ እንድትመጡ ነበር የፈለግነው።»

«እንደዚያ ብሎ የነገረኝ የለም።»

«ሌሎቹ ተማሪዎች ሳይነገራቸው ያውቁታል» አሉ። ካሉት በኋላ የተጸጸቱ መሰለኝ፤ ግን ብለውታል። ደንቡ ከአንድ ጊዜ በላይ መድገም አይፈቅድም። ወረቀቴን መልሰው ሰጡኝ። የመስታወቱ ነገር ከተጻፈበት መስመር ሥር በቀይ አስምረው፣ ከጎኑ «ውብ ነው» ብለው ጽፈዋል። ከታች፣ በዚያው ቀይ፣ «ወድቋል»።

የድርጅቱ ደብዳቤ የመጣው ቅዳሜ ነው። የመመለሻው አውሮፕላን ቲኬት ተያይዞበታል። ቀኑ ከአሥር ቀን በኋላ ነበር።

እሑድ እንደልማዷ እህቴ ደወለች። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ የመኪናው ጠረጴዛ ላይ፣ ድሮ መጽሐፉ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ነው የምታስቀምጠው፤ ሥራ አትፈታም። የመኪናው ድምፅ ከእሷ ቀድሞ ደረሰኝ።

«ቴፕዬ! አለህ?»

«አለሁ፣ እትዬ።»

«ምነው ድምፅህ? በላህ?»

«በልቻለሁ።»

«ፈተናውስ? እኔ እኮ ሳምንቱን ሙሉ ልብሱን ሁሉ አጣምሜ ነው የሰፋሁት።»

«ተፈተንኩ።»

«አንድም ቃል አልሳትክም?»

«አንድም።»

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!» መኪናው በደስታ ፈጠነ። «ብያቸው ነበር! ያቺ ባለሱቋ ደግሞ "እዚያ አገር ይከብዳል" ትለኛለች፤ እኔ ቴፑን ታውቂዋለሽ ወይ አልኳት። እና ምን አሉህ?»

«ቆሜ አንድ ገጽ በቃሌ ወጣሁላቸው።»

«ሰው ፊት?»

«ሦስት ሰው ፊት። ውኃ ሁሉ ቀዱልኝ።»

ሳቋ ከመኪናው ድምፅ ጋር ተደባልቆ መጣ። ያን ሳቅ ይዤ ስልኩን ብዘጋው ብዬ አሰብኩ። አሥር ቀን ቀላል አይደለም፤ ለአሥር ቀን ደስ ይበላት።

«ሁሉም ነገር ደህና ነው» አልኩ። «ትምህርቱም ጥሩ ነው። አስተማሪዎቹም ወደውኛል። አንቺ ብቻ አታስቢ።»

መኪናው ቀጥ አለ።

ክሩ ተበጥሶባት ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ። መብራት ጠፍቶባት ነው እንዳልል መኪናው በእግር የሚረገጥ ነው።

«ከላይ ጀምር» አለችኝ፤ እንደ ድሮው፣ ሳትቆጣ።

ዓይኔን ጨፈንኩ። ከሥዕል ሁለት ጀምሬ እስከ አውሮፕላን ቲኬቱ ድረስ፣ «ውብ ነው» የሚለው ሳይቀር፣ አንዲት ቃል ሳልስት ወጣሁላት።

መኪናው ግን መልሶ አልተነሳም።