ግራ ክንድ

ሴትዮዋ ዳምቤል የሚባሉትን ከባድ የእጅ ብረቶች ከመደርደሪያው አውርዳ ስትቆም፣ አሠልጣኟ የሆነው ዋርሳዋ ቀላሎቹን በጫማው ጫፍ ወደ እግሯ ገፋቸው።

«መልሻቸው፤ ያንቺ እነዚህ ናቸው» አላት።

አልመለሰቻቸውም። የአምቡላንስ ቃሬዛ ተሸካሚ ናት፤ ሕመምተኛ ከደረጃ ስታወርድ ግራ ትከሻዋ ወልቆ ከሥራ ከራቀች ወራት አልፈዋል። ነገ አለቃዋ ፊት ቃሬዛ በሁለት እጇ ካላነሣች ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል። ያለ ደመወዝ ደግሞ ባሏ ሲሞት የተወላትን ቤት ይዛ መቆየት አትችልም፤ ያን ቤት አጥብቆ የሚመኘውም የሟቹ ወንድም፣ ይኸው አሠልጣኝ ነው። በሰፈሩ ሌላ የስፖርት አዳራሽ ባይኖር ኖሮ ደጁን ባልረገጠች ነበር።

የአዳራሹ ሕግ አንድ ነው፤ ክብደት የሚጨመረው ደካማው ክንድ ብረቱን ሳይንቀጠቀጥ፣ ቀስ ብሎ ማውረድ ሲችል ብቻ ነው፤ እርሱም በጥቂት በጥቂቱ። ብርቱው ክንድ ይጠብቃል።

«ቀኜ ይህን እንደ ላባ ነው የሚያነሣው» አለች።

«ቀኝሽን ማን ጠየቀው? ፈራጁ ግራሽ ነው።»

«ፈራጁማ አንተ ነህ። ሥራዬን ባጣ የቤቱን ቁልፍ ማን እንደሚረከብ ጠፍቶኝ ነው?»

ከመስተዋቱ አጠገብ የነበሩት ጎረምሶች ጆሯቸውን አቆሙ። «ጋሼ፣ ተዋት!» አለ አንደኛው እየሳቀ። «ነገ በራሷ ቃሬዛ ትመጣለች።»

አሠልጣኙ አልሳቀም። «አንሺ እንግዲህ፤ ትዕቢትሽ ያግዝሽ» አለና አንድ እርምጃ ወደ ግራዋ ቀረበ።

አነሣች። ማንሣቱ አልከበዳትም፤ መከራው ማውረዱ ላይ ነበር። ቀኟ በእርጋታ ሲወርድ የግራ ክርኗ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ የተኛው ሕመም ከትከሻዋ ሥር እንደ ስለት ብድግ አለ።

«ጣይው!» ብሎ ጮኸ አሠልጣኙ።

አልጣለችም። በሥራዋ ያልተጻፈ ሕግ አለ፤ ተሸካሚ እጁ ቢገነጠል አይለቅም፤ ከእጀታው ማዶ ሁልጊዜ ሰው አለና። ጣቶቿ ሳታዛቸው ብረቱን አጥብቀው ያዙ።

«ጣይው አልኩሽ፣ አንቺ ግትር! ብረት ነው፤ የማንም ልጅ አይደለም!»

ጠላችው። እንደዚያች ቅጽበት ጠልታው አታውቅም፤ ጣቶቿን ግን ከፈተች። ወለሉ አጓራ፤ መስተዋቱ ተንቀጠቀጠ። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ክንዷን ቀስ ብላ አንቀሳቀሰች። ትከሻዋ ይጠዘጥዛል፤ ከቦታው ግን አልወጣም።

«ነገ እንዲህ ሆነሽ ብታነሺ» አለ አሠልጣኙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንቺ እልህሽን ትወጫለሽ፤ ከደረጃው የሚንከባለለው ግን ሕመምተኛው ነው።»

እስከዚያች ሰዓት ያሰበችው ስለ ቤቱ ብቻ ነበር። ስልኳን አውጥታ ለአለቃዋ ደወለች።

«ለነገ አልደረስኩም፤ ጥቂት ሳምንታት ይጨመሩልኝ» አለች።

«መዳን አለመዳንሽን ካንቺ አልሰማም» አለ የአለቃዋ ደረቅ ድምፅ። «አሠልጣኝሽ እዚያ አለ? እስቲ አገናኚኝ።»

ስልኩን ዘረጋችለት። አሠልጣኙ ላብ ያራሰውን መዳፉን በሱሪው ጠርጎ ተቀበላት። ከወንድሙ ቀብር ወዲህ ከእጇ የተቀበለው ነገር ይህ ብቻ ነበር።

«አቤት» አለ።

«ይህች ሴት ደግማ ቃሬዛ ታነሣለች ወይስ አታነሣም? ቁርጡን ንገረኝ።»

ጥያቄውን እርሷም ሰማችው፤ «አታነሣም» ካለ ሥራዋም ቤቷም ከእጇ ይወጣሉ። ዋርሳዋ ዐይኑን ከፊቷ ሳይነቅል ትንፋሹን ሳበ፤ ደረቱ በአየር ሲሞላ አየች።