አሥራ አምስተኛው መቃብር

ከአምደወርቅ ከተማ በታች ያለው ሸለቆ ተገድቦ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ሊሆን፣ በዳርቻውም ትልቅ ሪዞርት ሊሠራ በታሰበበት ዓመት፣ ውሃ የሚውጣቸውን መቃብሮች እንድመዘግብ ተመደብኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ከፍታ ላይ ስለሆነ አይነካም፤ የሚሰጥመው የታችኛው መቃብር ብቻ ነበር፤ አፅሙም ተነስቶ ወደ ላይ ሊዛወር ነው። ቅጹ የሟች ስም፣ የጂፒኤስ ነጥብና «አፅም አለ/የለም» የሚል ዓምድ ነበረው።

የቀበሌው ሊቀመንበር ምንዋጋው ይመራኛል። «ሐይቁ ሲሞላ ፈረንጅ በጀልባ ይንሸራሸርበታል» ይላል። «እኛ ደግሞ ፍየሎቻችን ዋና እስኪለምዱ ዳር ቁጭ ብለን እንጠብቃለን።»

አሥራ አራት መቃብር ከመዘገብን በኋላ እማማ ታይቱ የሚባሉ የመንደሩ አሮጊት እጅጌዬን ያዝ አደረጉ። የተናገሩት በአካባቢው ቋንቋ፣ በኽምጣኛ ነው፤ ምንዋጋው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተረጎመልኝ። እንዳለው የሚባል ልጃቸው ወደ ሳውዲ ሲሻገር ባሕር ላይ ቀርቷል። አስከሬኑ አልመጣም። እሳቸውም የተማሪ ሹራቡን ከወይራው ሥር ቀብረው ድንጋይ አቁመውበታል።

«አፅም ከሌለው አይነሳም» አለኝ ምንዋጋው። «አንቺ ንገሪያቸው። እኔማ ጎረቤታቸው ነኝ።»

መንገር ነበረብኝ። እማማ ታይቱ ግን እስክሪብቶዬን እያዩ ነበር። የራሴን ደብተር ገለጥኩና «እንዳለው ማዕረግ» ብዬ ጻፍኩ። ቅጹን አልነካሁትም። ነጥቡንም አልወሰድኩም።

«ጻፍሽው?» አሉኝ በአማርኛ።

«ጽፌዋለሁ፣ እማማ።»

እጄን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ወደ ኋላ ሸሸሁ።

የአሥራ አራቱ ሰዎች አፅም በካህናት ጸሎት ወደ ላይ ሲወጣ፣ እሳቸው ለዓይን ሕክምና ሰቆጣ ሆስፒታል ነበሩ። ሲመለሱ ክረምቱ ገብቶ ሸለቆው በውሃ ተሸፍኗል። «ግድ የለም፤ ልጅቱ ጽፋዋለች። ውሃው ሲወርድ እናነሳዋለን» ማለታቸውን ሰማሁ። ሐይቅ ይወርዳል ብዬ ስላላሰብኩ ሄጄ እውነቱን አልነገርኳቸውም።

ወረደ። ከግድቡ ሥር ያለው መሬት ውሃ የሚይዝ አልነበረም። በሁለተኛው ዓመት የሪዞርቱ ባለሀብት ማሽኖቹን ጭኖ ሄደ። ጣሪያ ያልለበሱ የእንግዳ ጎጆዎችና በደረቀ ጭቃ ላይ የተጋደመ አንድ ጀልባ ቀሩ።

እማማ ታይቱ ቢሮዬ ድረስ መጡ። የታጠፈ አዲስ አቡጀዲ በብብታቸው፣ የተዋሱት አካፋ በእጃቸው ነበር።

አካፋውን ተቀብዬ አብሬያቸው ወረድኩ። ወይራው ተቆርጧል፤ የቆሙትን ድንጋዮች ደለል ውጧቸዋል። የጂፒኤስ መሣሪያውን ይዤ ጭቃው ላይ ስሄድ፣ የምቆምበትን እየጠበቁ ከኋላዬ ይከተላሉ። የትም ብቆም ያምኑኝ ነበር።

ቆምኩ።

«እማማ፣ ቦታውን አልያዝኩትም። ያን ቀን ቅጹ አይፈቅድም ነበር። ለእርስዎ መንገር አቃተኝ።»

ደለሉን ብዙ አዩት። አልተቆጡኝም።

«ስትጽፊ አይቼሻለሁ እኮ።»

«ስሙን ብቻ ነው የጻፍኩት። ደብተሬ ላይ።»

«አለ?»

ከቦርሳዬ አውጥቼ ገጹን አሳየኋቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ጣታቸውን በስሙ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኬዱት።

«ስጪኝ» አሉ።

ቀድጄ ሰጠኋቸው። በጀርባው የሪዞርቱን ጎጆዎች ብዛት ደምሬበት ነበር። ልነግራቸው አስቤ ተውኩት። ወረቀቱን በአቡጀዲው ጠቀለሉና አሥራ አራቱ ወዳረፉበት ዳገቱን ጀመሩ። እኔም አካፋውን ተሸክሜ ተከተልኳቸው።